ኃላፊውን ያስጨፈሩት የቆላ ሴቶች

እሑድ፣ ገና ሳይነጋ

ሐዋሳ መናኸሪያ የደረስኩት በጨለማ ነው። ረዳቱ «ሶዶ! ሶዶ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል። እውነት መስሎኝ ሮጬ ገባሁ። ሚኒባሱ ውስጥ ግን ያለው ራሱ አንድ ሰው ነው፤ እሱም ነጠላውን ተከናንቦ እንቅልፉን ይለጥጣል። ቦርሳዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ቦርሳው ውስጥ መቅረጫ፣ ማይክሮፎን፣ ትርፍ ባትሪና አንድ ቅያሪ ልብስ አለ።

ሥራዬን ለማታውቁ፦ አንትሮፖሎጂ አስተምራለሁ፤ የማጠናው ድምፅን ነው። ዘፈን፣ ጭፈራ፣ የስብሰባ ጭብጨባ፣ ባጃጅ ላይ የታሰረ የድምፅ ማጉያ። ማን ጮክ ብሎ እንዲናገር ይፈቀድለታል? ንግግሩን የማይሰሙት ሰው፣ ሲዘፍን ለምን ይሰሙታል? ባለቤቴ ለሰው ሲያስተዋውቀኝ «ጫጫታ ነው የምትሰበስበው» ይላል። አልተሳሳተም።

ሞልተን ስንወጣ ሰማዩ መቅላት ጀምሯል። ሻሸመኔ ላይ ትኩስ ዳቦ በመስኮት ገዛን። ወደ ምዕራብ ስንታጠፍ ሜዳው ይከፈታል፤ የፈረስ ጋሪ፣ ረጅም የሰሌን ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌዎች፣ ግድግዳቸው ላይ አንበሳና አበባ የተሳለባቸው ጎጆዎች፣ ጓሮው ሙሉ የተሰጣ ቀይ በርበሬ። ሀላባ ነን። ቢላቴን እንደተሻገርን ሾፌሩ ፍላሹን ነቅሎ ሌላ ሰካ። ያ ወገብን የሚቀሰቅሰው ፈጣኑ የወላይታ ምት መኪናውን ሞላው።

«ምነው ቀየርከው?» አልኩት።

«ከዚህ በኋላ ሌላ ካጫወትኩ ተሳፋሪ ይወርድብኛል» አለኝ።

ከኋላ ኮት የለበሰ ሰው «ሾፌር፣ ስልክ እያወራሁ ነው፤ ቀንሰው!» ብሎ ጮኸ። አጠገቡ የተቀመጡት እናት ዞር ብለው አዩትና «እሱ ስልኩን ይቀንስ!» አሉ። መኪናው በሙሉ ሳቀ፤ ሰውዬውም ሳቀ። ሾፌሩ ድምፁን ትንሽ ዝቅ አደረገው፤ ትከሻውን ግን ዝቅ አላደረገም።

ቦዲቲ ስንደርስ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት በየድምፅ ማጉያቸው ይዘምራሉ። መሐል መንገድ ላይ የቆመ ሰው አንዱን በግራ ጆሮው፣ አንዱን በቀኙ ይሰማል። አቮካዶ የምትሸጥ ሴት ዋጋ ብጠይቃት «ለእንግዳ ነው፣ ለአገር ሰው?» አለችኝ።

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ለእንግዳ አንድ እመርቃለሁ።»

እንግዳ መሆኔን ወዲያው አመንኩ።

እሑድ፣ ቀትር — ሶዶ

ዳሞታ ተራራ አናቱን ደመና ውስጥ ከቶ ከተማዋን ቁልቁል ያያል። ታምራት ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣ፣ ክራባቱን እንኳ ሳይፈታ ተቀበለኝ። ሶዶ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ያስተምራል፤ መዘምራንም ይመራል። ባለፈው ዓመት አንድ ስብሰባ ላይ ተዋውቀናል፤ በዚህ ጉዞ የሚተረጉምልኝ እሱ ነው፤ የእኔ ወላይትኛ ከሰላምታ አያልፍም።

በቀጥታ ሥጋ ቤት ገባን። ቁርጡ ትሪ ሙሉ መጣ፤ ከጎኑ ዳጣ፣ ያ አረንጓዴ የበርበሬ ማባያ። በድፍረት አጠቀስኩ። እንባዬ እስኪቆም ታምራት በትዕግሥት ጠበቀኝና ወሬውን ጀመረ።

«አክስቴ የምትኖርበት ቀበሌ የውኃ ፓምፑ ከተበላሸ ስምንት ወር ሆነው። ሴቶቹ ወንዝ ድረስ ነው የሚወርዱት። አመለከቱ፤ ‹በሂደት ላይ ነው› ተባሉ። ማክሰኞ ደግሞ አዲሱን የመማሪያ ክፍል ሊመርቅ አንድ ኃላፊ ይመጣል። ሴቶቹ የእንኳን ደህና መጣህ ዘፈን እንዲያዘጋጁ ታዘዋል።»

«አዘጋጁ?»

«ሁለት አዘጋጁ» አለና ቁርጡን ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

ሰኞ — ቁልቁል ወደ ቆላ

ከሶዶ ወደ ሁምቦ አቅጣጫ ሲወርዱ ሙቀቱ እንደ በር ተከፍቶ ይቀበላል። ኮረብታዎቹ ላይ እንደገና የበቀለው ደን ጠቆር ብሎ ይታያል፤ ታች ሜዳው ላይ በቆሎ፣ ከብት፣ አቧራ። ቢጫ ጀሪካን የጫኑ የአህያ ጋሪዎች ያልፉናል። ከአስፋልቱ ወርደን በባጃጅ፣ ባጃጁ እምቢ ሲል ደግሞ በእግር ሄድን። የመንደሯን ስም አልጽፍም። ሴቶቹ «ዘፈኑን ጻፊ፣ ስማችንን ተዪ» ብለውኛል፤ እዚህ የምታገኟቸው ሰዎች ስምም ለዚሁ ስል የቀየርኩት ነው።

የታምራት አክስት አስቴር አምሳዎቹን ያለፈች፣ አጭር፣ ድምፀ ትልቅ ሴት ናት። አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔንም ባሏንም ጎረቤቷንም «አንተ» ነው የምትለው። ማንጎ ዛፍ ሥር ምንጣፍ አነጠፈችልኝና በቅቤ የራሰ የቆጮ ምግብ አቀረበች። ሙቿ ይሉታል።

«ብላ! ለምን ትፈራለህ? ዳጣ የለበትም፤ ታምራት ነግሮኛል።»

ሌሎቹ ሴቶች ከየአቅጣጫው እየመጡ ተቀመጡ። እያንዳንዳቸው ባዶ ጀሪካን ይዘዋል። አስቴር አንዱን ገልብጣ በመዳፏ መታችው። ወፍራም፣ ሆድ ውስጥ የሚገባ ድምፅ ሰጠ። ሌላዋ በእንጨት ጫፉን ነካ ነካ አደረገችው፤ ቀጭኑ ወጣ። ሦስተኛዋ ስትገባ እኔ ሳላውቀው ተነሥቼ ቆሜያለሁ።

«ቤተ ክርስቲያን ውስጥስ እንዲህ ትዘምራላችሁ?» ብዬ አስቴርን ጠየቅኳት።

«የጌታ መዝሙር ለጌታ ነው። ይሄ የሰፈር ነው፤ ለሰፈር ጉዳይ» አለችኝ።

ልምምዱ መሐል የቀበሌው ሊቀ መንበር አቶ ጳውሎስ መጡ። ትሑት፣ ጭንቀታም ሰው ናቸው። የመጀመሪያውን ዘፈን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ሁለተኛው ሲጀመር ማይክሮፎኔን አዩና ወደ ጎን ጠሩኝ።

«መምህርት፣ እባክዎ ይሄንን አይቅዱት። ሳይቀዳ ጨዋታ ነው፤ ከተቀዳ ፖለቲካ ይሆናል።»

በሥራዬ ብዙ ዓመት ያሰብኩበትን ነገር በአንድ ትንፋሽ ተናገሩት። ማንንም ችግር ውስጥ መክተት አልፈልግም፤ እሳቸውንም ጭምር። መቅረጫውን ላጠፋ ስል አስቴር ከሩቅ አይታን መጣች። የምንነጋገረውን ታምራት ነገራት።

«ጨዋታ ሆኖ ስምንት ወር ቆየ» አለች። ለአቶ ጳውሎስ በወላይትኛ ቀጠለችላቸው፤ ታምራት ተረጎመልኝ፦ «አንተ ቤትም እኮ ውኃ የለም። ሚስትህ እዚያ ተቀምጣለች፤ ጀሪካን እየመታች።»

አቶ ጳውሎስ ዞር ብለው አዩ። ባለቤታቸው ቀጭኑን ድምፅ የምታወጣው ናት።

ከብዙ ክርክር በኋላ በአንድ ነገር ተስማማን፤ መቅረጫውን የምከፍተው ኃላፊውን ራሱን፣ በሰው ፊት፣ አስፈቅጄ ነው። እምቢ ካለ ማይክሮፎኑ ከቦርሳ አይወጣም። አቶ ጳውሎስ ይሄንን ሲሰሙ ፊታቸው በራ፤ «እምቢ ይላል» ብለው እርግጠኛ የሆኑ መሰለኝ።

ማክሰኞ — ምረቃው

አዲሱ የመማሪያ ክፍል በር ላይ ሪባን ታስሯል። የፕላስቲክ ወንበር፣ ጄኔሬተር፣ ሁለት ትልልቅ የድምፅ ማጉያዎች። ኃላፊው ከፒክአፑ ወረደ፤ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ጠይም፣ ኮት ላይ ቀይ ጥቁርና ቢጫ የአገር ልብስ ሻርፕ ጣል ያደረገ። ሄጄ ራሴን አስተዋወቅኩና ሴቶቹን መቅረጽ ይፈቀድልኝ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ቅረጪ እንጂ! ዘፈን እኮ ነው» አለኝ ደስ ብሎት።

አቶ ጳውሎስ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሪባኑ ተቆረጠ፤ ንግግሩ ረዘመ፤ ማይክሮፎኑ በየመሐሉ ያፏጫል። ሙቀቱ ውስጥ ሰዉ በየዛፉ ጥላ ይንሸራተታል። ከዚያ ሴቶቹ ገቡ፤ ሃያም ይሆናሉ፤ ጀሪካናቸውን በብብታቸው ይዘው። አንድ የምረቃው አስተባባሪ «ጀሪካኑ ምንድን ነው?» ሲል ሰማሁት። «ከበሮ አምጡ አላችሁን፤ ያለን ከበሮ ይሄ ነው» አለችው አንዷ።

የታዘዘው ዘፈን መጀመሪያ መጣ። እንኳን ደህና መጣህ፣ ክፍሉ ያምራል፣ ልጆቻችን ይማሩበታል። ኃላፊው ያጨበጭባል። ክቡ እየሰፋ፣ ምቱ እየፈጠነ ሄደ፤ ወገብ ከትከሻ በፊት ነቃ። ታምራት በጆሮዬ እያንዳንዱን ስንኝ ይተረጉምልኛል። አስቴር ከክቡ ወጣ ብላ ጀሪካኗን ከፍ አድርጋ ሦስት ጊዜ መታችው፤ ዜማው ተለወጠ። ታምራት መተርጎሙን ተወ።

«ምን አለች?»

«ቆይ...»

«ታምራት!»

ጉሮሮውን ጠርጎ ቀጠለ፦

«እንኳን መጣህ፣ መንገዱ አቧራ ነው፣
ጉሮሮህ ደርቋል፤ ውኃ ልንሰጥህ አሰብን።
ፓምፑ ግን እኛን አኩርፏል፣
ስምንት ወር ቃል አልተነፈሰም።
አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ አንተ አናግረው!»

ጭብጨባው ቆመ። የኃላፊው ፈገግታ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። አቶ ጳውሎስን አየ፤ አቶ ጳውሎስ ሰማዩን አዩ። ከዚያ ኃላፊው ማይክሮፎኔን አየ። ጣቴን ማጥፊያው ላይ አድርጌ ጠበቅኩት። ሴቶቹ አልቆሙም፤ ያችኑ የመጨረሻዋን ስንኝ እየደጋገሙ ክቡን ወደ እሱ አስጠጉት። እዚህ አገር የተዘፈነለት ሰው ተቀምጦ አይቀርም፤ ወይ ይገባል፣ ወይ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል። የሄደ ደግሞ ነገ በየገበያው ይዘፈንበታል።

ኃላፊው በጣቱ «ተዪው፣ ይቀጥል» የሚል ምልክት አሳየኝ። ኮቱን አወለቀ፤ ለአቶ ጳውሎስ ሰጣቸውና ክቡ ውስጥ ገባ።

የሕዝቡ ጩኸት መቅረጫዬን ከአቅሙ በላይ አስኬደው። ሰውዬው ሲጨፍር! ያን የመሰለ ወገብ ኮት ውስጥ ተደብቆ መኖሩ ያሳዝናል። አስቴር ፊት ለፊቱ ቆማ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ እያወረደች ታወጣዋለች። እሱም በዜማ መለሰ፦ «አናግረዋለሁ፣ በቅርቡ አናግረዋለሁ!»

«‹በቅርቡ› ቤቱ የት ነው? አናውቀውም!» አሉት ሴቶቹ።

«በሚቀጥለው ወር!»

«ወሩ በእግሩ ነው የሚመጣው? እኛ በእግራችን ደክሞናል!»

ላቡ በሸሚዙ ጀርባ ላይ ካርታ ሠርቷል። «በዚህ ሳምንት!» አለ።

«ሳምንት ሰባት ልጆች አሉት፤ የትኛውን ትልክልናለህ?»

ሊያርፍ ወደ ጎን ቢል ክቡ አብሮት ይሄዳል። ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ያጨበጭባሉ። በመጨረሻ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ «ሐሙስ!» ብሎ ጮኸ። እልልታው ቀለጠ። አስቴር ሻርፑን ከአንገቱ አውጥታ ግንባሩን ጠረገችለት፤ እንደ ልጇ።

ከግርግሩ በኋላ ኃላፊው ወደ እኔ መጣ። «አጥፊው» የሚለኝ መስሎኝ ነበር።

«ጥሩ ተቀርጿል?» አለኝ።

«ተቀርጿል።»

«ስጪኝ። የፓምፑን መለዋወጫ የምፈቅደው እኔ አይደለሁም፤ ከእኔ በላይ ያሉ ሰዎች ናቸው። ደብዳቤ ጽፌላቸዋለሁ፤ ደብዳቤ አይሰማም። ይሄንን አሰማቸዋለሁ።»

«ዘፈኑ የእኔ አይደለም፤ ሴቶቹን ጠይቃቸው» አልኩት።

ጠየቃቸው። አስቴር ሌሎቹን ዞራ አየች፤ አንድ ሁለት ቃል ተባባሉ።

«ውሰድ» አለችው በአማርኛ፣ እኔ እንድሰማ ይመስለኛል። «ግን ጮክ አድርግ። ቀስ ብለህ ካሰማህ አይሆንም።»

ሐሙስ — ጥበቃ

ረቡዕን ለወሬ አልቆጥረውም፤ ዘፈን ስቀዳና ማንጎ ስበላ ዋልኩ። ሐሙስ ግን መንደሩ ሥራ አልያዘውም። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሁሉ በሰበብ በሰበቡ በፓምፑ በኩል ያልፋል። ቀትር ሆነ፤ ማንም የለም። አቶ ጳውሎስ ስልካቸውን ይዘው ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። «መንገድ ላይ ናቸው» ይላሉ። «የት?» ሲባሉ ወደ ጉብታው ይመለሳሉ።

አስቴር ለወንዝ ተነሣች። ጀሪካኗን ስትሸከም ፊቷን ላለማየት ታምራትን አነጋገርኩት። እኔ ራሴ ምን ያህል ተስፋ እንዳደረግኩ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ጥናቴ ሁለቱንም ቢሆን ይጽፋል፤ ቢሠራም ባይሠራም ለእኔ ምዕራፍ ነው። ለእሷ ግን ቁልቁለቱን ወርዶ ዳገቱን መውጣት ነው። ምዕራፉን ጠላሁት።

የመንደሩ ጫፍ ላይ ሳትደርስ የመኪና ጥሩንባ ተሰማ። አቧራ ለብሶ አንድ ፒክአፕ መጣ። ከኋላ የተቀመጡት ሁለት የጥገና ሠራተኞች ዜማዋን እያንጎራጎሩ ነው። በሳቅ ብዛት ጀሪካኗ ከአስቴር እጅ ወደቀ።

«ያኮረፈው ፓምፕ እዚህ ነው ወይ?» አለ አንደኛው እየዘለለ ሲወርድ። «ቢሮው ሁሉ ይሄንን ነው ሲያፏጭ የሰነበተው። አለቃችን ‹ሄዳችሁ ካላስታረቃችሁት እንቅልፍ አይወስደኝም› አለን።»

ክዳኑን ፈቱት፤ ዘንጉን እየመዘዙ አወጡት፤ አንዱ መጋጠሚያ ላይ ተሰብሯል፤ ጎሚኒውም ተበልቶ አልቋል። ስምንት ወር ያስጠበቀው መዳፍ ላይ የሚያርፍ ጎማና አንድ ብረት ነው። ሰዉ ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበለ አየው። ሲገጥሙ ጸሐይ ልትጠልቅ ተቃርባለች። እጀታውን መጀመሪያ የያዙት አቶ ጳውሎስ ናቸው። ፓምፑ ሳለ፣ አየር ተነፈሰ፣ እንደገና ሳለ። ከዚያ ዝገት የመሰለ ውኃ ተፋ። ሰዉ ወደ ኋላ ዘለለ፤ ወዲያው ወደ ፊት ተመለሰ። አቶ ጳውሎስ ግን እጀታውን አልለቀቁም፤ ውኃው እስኪጠራ ድረስ፣ ሸሚዛቸው እስኪርስ ድረስ መቱ። እንባ ይሁን ውኃ ያልለየሁት ነገር ፊታቸው ላይ ነበር።

ዓርብ — መመለሻ

በማለዳ ማይክሮፎኔን ይዤ ሄድኩ። ታላቁን ዘፈን፣ የምስጋናውን፣ እቀዳለሁ ብዬ። ሰልፉ ከፓምፑ እስከ ማንጎው ዛፍ ተዘርግቷል። የሚዘፍን የለም። ይጣላሉ።

«እኔ ነኝ የቀደምኩት!» «ሦስት ጀሪካን ለአንድ ሰው አይፈቀድም!» «ልጇን ልካ ቦታ ይዛለች!»

አስቴርን መሐላቸው አገኘኋት፤ ከገዛ የአጎቷ ልጅ ጋር ስትጨቃጨቅ።

«ዛሬ አትዘፍኑም?» አልኳት።

እንደ ሞኝ አየችኝ። «በምን እንምታ? ከበሮው ሁሉ ሞልቷል!»

መቅረጫውን ሳላጠፋ አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩት ለመንገድ የሚሆን ውኃ ልቀዳ የፕላስቲክ ጠርሙሴን ወደ ፓምፑ ዘረጋሁ። ያች በቅቤ የራሰ ሙቿ ያጎረሰችኝ፣ አራት ሌሊት ቤቷ ያሳደረችኝ ሴት እጄን መለስ አደረገችው።

«ተራህን ያዝ!»

ሰልፉ በሙሉ ዞሮ አየኝ። ሄጄ ከመጨረሻዋ ሴት ኋላ ቆምኩ። ባጃጁ መንገድ ዳር ጥሩንባ ይነፋል፤ ታምራት ሆዱን ይዞ ይስቃል። ደርሶኝ ስጠጣ ውኃው ትንሽ ብረት ብረት ይል ነበር፤ ቀዝቃዛ ነው። አስቴር ከሩቅ እጇን አውለበለበችልኝና ወደ ጭቅጭቋ ተመለሰች።

ሶዶ ላይ ከታምራት ተሰነባበትኩ፤ ቦዲቲ ላይ ሙዝ ገዛሁ፤ ሀላባን ተኝቼ አለፍኩ። ሐዋሳ ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ ቦርሳዬን ተቀብሎኝ «ምን ጫጫታ ይዘሽ መጣሽ?» አለኝ። ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ የዛሬውን ከፈትኩለት። ወንበር ስቦ፣ ጆሮውን አስጠግቶ ሰማ።

«ይሄ ዘፈን አይደለም፤ ጠብ ነው» አለኝ።

«አዎ፣ ጠብ ነው።»

ትንሽ አዳመጠና ዓይኑን ወደ እኔ አነሣ። «ከኋላ የሚሰማው ምንድን ነው? ውኃ ነው?»

«ውኃ ነው» አልኩት፤ ድምፁንም ጨመርኩት።